ከሰሚራ የደበቅነው

ለከድሬ፣ ለሰሚራ አባት፣

ከተለየኸኝ ዛሬ አምስት ወር ከስምንት ቀን ሆነ። እንደምን አለህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያለህበትን የሚያውቀው አላህ ነው፣ እኔ ዱዓ ከማድረግ በቀር ምንም አላውቅም። እኔን ካልክ አልሐምዱሊላህ አለሁ። እግሬ ያብጣል፣ እንቅልፌ ተቆራርጧል፣ አፌ ግን እንደምታውቀው ደህና ነው። ደብዳቤ ጻፈችልህ ብትባል እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ድርሰት ሳርም ኖሬ ለገዛ ባሌ አንድ ገጽ ጽፌ አላውቅም። ደግሞስ የት ሄደህልኝ ልጻፍልህ? ያለ እኔ ከአጋሮ ማዶ አትርቅም ነበር።

ነገሩን ሳላንዛዛ ልንገርህ። ልጅህ ሰሚራ መሞትህን ያወቀችው ባለፈው ዓርብ ነው። አዎ፣ ባለፈው ዓርብ። እስከዚያ ድረስ አንተ ለእሷ አንድ ጊዜ ቡናህን ልታይ ደዶ ሄደሃል፣ አንድ ጊዜ መስጊድ ነህ፣ አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዞህ ድምፅህ ተዘግቷል። በመጨረሻ የነገርኳትም እኔው ነኝ፤ ያውም አስቤበት ሳይሆን አፌ አምልጦኝ፣ እሷ የሰባት ቀን አራስ ሆና፣ በስልክ። ዕድሜዬን ሁሉ ተማሪዎቼን «ከመናገራችሁ በፊት አስቡ» ስል ኖሬ እኔ ይህን ሠራሁ። አትቆጣ። ልትቆጣም ከሆነ መጀመሪያ ጨርሰህ ስማኝ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ዘንድሮ ክረምቱ በጊዜ ገባ። እዚህ ጅማ ሰፈራችን ቤቾ ቦሬ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነው፤ አንተ በየዓመቱ ድንጋይ የምትደረድርበት የበራችን ሥር ዘንድሮ የሚደረድርለት ጠፍቶ እንደ ኩሬ ሆኗል። የጓሮው አቮካዶ በነፋስ ግማሹ ተገነጠለ፤ የታላቅ ወንድምህ የሐጂ ሙክታር ልጆች መጥተው ቆረጡት። የቡና ማድረቂያ አልጋህን ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ዝናቡ ሳይገባ በርበሬዋን ላስጣበት ብላ ለመነችኝ፣ ሰጠኋት። ባዶውን ሳየው ከምውል በርበሬ ይዋልበት ብዬ ነው። እሷ ለእኔ ያልሆነችው ነገር የለም። ልብስህን ለመስጊድ ሰጥቻለሁ፤ ግራጫው ኮት ግን ቀርቷል። የቀረው ልሰጠው ኪሱን ስፈትሽ የሻርጃው ትኬት ቁራጭ ስለወጣ ነው። እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ቀኑን ሙሉ ያንን የአምናውን ክረምት ሳስብ ዋልኩ።

እንዴት እንደሄድን ታስታውሳለህ? ሰሚራና ባሏ ጀማል ሁለቱም ሠራተኛ ናቸው። እዚያ ዐረብ አገር ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሐናንና ነጂብን የሚይዝ ሰው የለም። «እማ፣ አባን ይዘሽልኝ ነይ፣ ክረምቱን አብረን እናሳልፍ» አለችኝ። አንተ ዓለም ልታይ የምትሄድ መስሎህ አዲስ ጫማ ገዛህ። እኔ ለሞግዚትነት እንደተፈለግን ገብቶኛል፣ ግን ደስታህን አይቼ ዝም አልኩ። ከጅማ ስንነሳ ዝናቡ ጃንጥላዬን ገልብጦታል። ሻርጃ ደርሰን የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ደግሞ ያ ወላፈን ፊታችንን ሲለበልበን ጊዜ ቀጥ ብለህ ቆምክና «ኩን አዱ ሚቲ፣ ኢቢዳ!» አልክ። ይህ ፀሐይ አይደለም፣ እሳት ነው። ከኋላችን የነበረች የጅማ ልጅ ሰምታ በሳቅ ሻንጣዋን ጣለች።

አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ቤት፣ ስድስት ሰው። ረፋድ ካለፈ ወደ ውጭ የሚወጣ የለም። መስኮት አይከፈትም፣ መጋረጃም አይገለጥም። ኤሲው ቀን ከሌት ያጉረመርማል፤ አንተ በዚያ በእሳት አገር ውስጥ ሹራብና ካልሲ አድርገህ ተቀምጠሃል። የመጀመሪያውን ሳምንት ከበሩ መስኮት፣ ከመስኮቱ በር ስትመላለስ ምንጣፉን ጨረስከው። ሰው እንዴት ታስሮ ይከርማል እያልክ ታጉረመርም ነበር። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ቡና ማድረቂያ ላይ በፀሐይ የቆመ ሰው መቼም ቤት መዋል አይሆንለትም። ልጆቹም ከእጃቸው ስልክ አይወጣ፣ አንገታቸውን ደፍተው ይውላሉ። ሐናን ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ነጂብ ስድስት። አማርኛውን ይሰማሉ እንጂ አይመልሱም፤ ኦሮምኛው ጭራሽ ጠፍቷቸዋል። አንተ ግን «አካኮ በሉኝ፣ አያት ማለት ነው» ብለህ በሁለት ቀን አስለመድካቸው።

ከዚያ የእንቁላሉን ካርቶን አገኘህ። ሰሚራ ልትጥለው ስትል ከእጇ ነጠቅካትና በቢላ ቆርጠህ ገበጣ አደረግከው። ጠጠር ከየት ይመጣል? ሽምብራ አመጣሁልህ። አቤት ያ ገበጣ! ከዙህር ሶላት እስከ ዐስር ሶላት ምንጣፉ ላይ ተዘርግታችሁ ትውሉ ነበር። ደግሞ ማጭበርበርህ! የስድስት ዓመት ልጅ ላይ አንዲት ሽምብራ በጣትህ መሐል ሸሽገህ ስታልፍ አይቼ በዓይኔ ብገላምጥህ «ላኪ፣ አይ፣ እኔ አይደለሁም» እያልክ በአላህ ስም ልትምል ስትል አፍህን ይዣለሁ። ሐናን ግን ነቃችብህ። እጅህን ፈልቅቃ ሽምብራዋን ስታወጣ ነጂብ በደስታ ሶፋ ላይ ዘለለ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩን የሚፈልገው ሰው ጠፋ።

ሲመሽ፣ ጀማልና ሰሚራ ከሥራ ሲገቡ፣ ሽርሽራችን ሱፐርማርኬት ነበር። ሳቅ እንጂ። የማንገዛውን ሁሉ እያገላበጥን፣ ነጂብን ጋሪው ውስጥ አስቀምጠህ እየገፋህ፣ ቡናው መደርደሪያ ጋ ስትደርስ ግን ትቆምና እሽጉን እያሸተትክ «ይሄን ያደረቀው ሰው ሰነፍ ነው» ትላለህ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ባሕር። ውሃው እንደ ልብስ ማጠቢያ ለብ ያለ ነው። አንተ ሱሪህን እስከ ጉልበት ጠቅልለህ፣ ኮትህን ሳታወልቅ፣ ልጆቹን ግራና ቀኝ ይዘህ ገብተህ ትቆማለህ። ሰሚራ ፎቶ አንስታሃለች። ፎቶውን ፊት ለፊቴ አስቀምጫለሁ፤ ሦስታችሁም ዓይናችሁን ጨፍናችኋል።

ዝናቡንስ? ያንን ያሰብከው አንተ ብቻ ነህ። ሙቀቱ የጠነከረ ቀን፣ ልጆቹ ሲነጫነጩ፣ ሐጂ ሙክታር ዘንድ ትደውልና «ስልኩን ወደ ውጭ አውጣልን» ትለዋለህ። እሱም መጀመሪያ አብደሃል ብሎህ ነበር፣ በኋላ ለመደው። ስልኩን ምንጣፉ መሐል አስቀምጠን፣ በክብ ተቀምጠን፣ የጅማ ዝናብ በሙክታር ቤት ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንሰማለን። «ሮባ፣ ዝናብ ማለት ነው» ትላቸዋለህ፣ እነሱም «ሮባ» ይላሉ። ሰሚራ አንድ ቀን ከሥራ ቀድማ ገብታ እንዲህ ተቀምጠን አገኘችንና ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገባችን ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለምን እንደሆነ ማናችንም አልጠየቅናትም። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ አንድ ጽንስ ወርዶባት ነበር፤ እሱንም የነገረችን ካለፈ በኋላ ነው። እንዳናስብ ብላ።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ።

ይዘንላት የሄድነው ቡና የሐምሌ እርጥበት ገብቶት ነበር። አንዷን ፍሬ በጥርስህ ነክሰህ «ይሄ ይሻግታል» አልክ። ከዚያማ በቃ፣ ያቺ አናት የምትበሳ ፀሐይ ባለቤት አገኘች። የሕንፃውን ጥበቃ፣ ያንን ቤንጋሊ፣ በእጅ ምልክትና በፈገግታ ወዳጅ አድርገህ የጣራውን ቁልፍ ተቀበልክ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ ከልጆቹ ጋር ትወጡና የሰሚራን አንሶላ ዘርግታችሁ ታሰጣላችሁ፣ ታገላብጣላችሁ። ነጂብ እጁን ቡናው ውስጥ ቀብሮ መቀመጥ ይወድ ነበር። በቀትር ደግሞ ብቻህን ወጥተህ ትሸፍነዋለህ። ቡና በቀትር ካልተሸፈነ ፀሐይዋ ትሰነጥቀዋለች፣ የማድረቂያ ሕጉ ነው እያልክ ስታስተምራቸው እኔም ከማድ ቤት እሰማለሁ። አይ ከድሬ! ለቡናው ያሰብከውን ለራስህ ብታስብ ምን ነበረበት?

ያን ቀን ልትሸፍን ወጥተህ ቆየህ። ሐናን ናት «አካኮ አልመጣም» ያለችኝ። ልጆቹን በሩን እንዳትከፍቱ ብዬ ቆልፌባቸው ወጣሁ። አንሶላው ግማሹ ታጥፏል፣ አንተ በጎንህ ወድቀሃል፣ ጉንጭህ ሲሚንቶው ላይ ነው። ስጠራህ አትሰማም። እንዴት አድርጌ ወደ ጥላው እንደጎተትኩህ እኔም አላውቅም፤ ጉልበቴ እስካሁን ምልክቱ አለበት። ያ ቤንጋሊ ውሃ ይዞ ሮጦ መጣ፣ አላህ ውለታውን ይክፈለው። ዓይንህን ስትገልጥ አፍህ ወደ አንድ ጎን ትንሽ ተጣሞ ነበር፣ ቀኝ እጅህ ኩባያ አልይዝ አለ። በኋላ ሲመለስልህ ሙቀት ነው አልን። የመጀመሪያው ቃልህ ምን ነበር? «ለሰሚራ እንዳትነግሪያት።»

እኔም እሺ አልኩህ። እሺ ነው ያልኩህ፣ ወላሂ ይህን እሺ ያለውን ምላሴን ቆርጬ በጣልኩት! ብነግራት ሥራዋን ትታ ሐኪም ቤት ትወስድህ ነበር፤ እዚያ አገር ያለውን ምርመራ ታውቃለህ። ግን ጽንሱ ከወረደባት ገና መንፈቅ አልሞላም፣ ፊቷ ገና መመለሱ ነው፣ አንተም ማታ ሲገቡ ምንም እንዳልተፈጠረ ሽምብራ ስትሰርቅ አየሁህ። ዝም አልኩ። ለሐናን «አካኮ ጣራ ላይ አረፍ ብሎ ነው» አልኳት። የተማረ ሰው ነኝ ባይዋ እኔ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዓይን እያየሁ ዋሸሁ። ክረምቱ አለቀ፣ ቡናው ደረቀ፣ ተሳስመን ተለያየን።

ጥር ላይ፣ ለቡና ለቀማው ደዶ ልትሄድ በረንዳ ላይ ተቀምጠህ ጫማህን ልታስር ጎንበስ አልክ፣ አልተነሣህም። ሆስፒታል ሐኪሙ ከዚህ በፊት ራሱን ስቶ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አንድ ጊዜ፣ በሙቀት አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ጻፈ። ሊወቅሰኝ አልፈለገም፣ ክፉ ሰው አልነበረም። አስከሬንህን ገና ቤት ሳናስገባ፣ በዚያው ሰዓት ሰሚራ ደወለች። ምን ልበላት? ደዶ ሄዷል አልኳት። ልትሄድ አልነበር? ጫማህንም እስከ ግማሽ አስረሃል እኮ።

በማግስቱ፣ ከቀበርንህ በኋላ፣ ሐጂ ሙክታር ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ ነገሩን ቆረጠ። ሰሚራ አምስተኛ ወሯ ነው፣ ሐኪም ተኚ ብሏታል፣ ባለፈው የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ነፍሰ ጡር መርዶ አይነገራትም፣ ስትገላገል በወጉ ይነገራታል። ጀማልም በስልክ ተነገረውና እሺ አለ፤ እሱ ምስኪን አልጋዋ አጠገብ እየተኛ አምስት ወር ሙሉ መሐላውን ጠበቀ። ማንም ክፉ አላሰበም ከድሬ። ማል ጎና፣ ምን እናደርጋለን፣ እንዲህ ነው ያሳደጉን። ሁሉም ሰው ዝም አለ፣ በየቀኑ እየዋሸ ስልክ የሚያነሣው ግን እኔ ነበርኩ።

አራት ወር ከአስር ቀን ዒዳዬን፣ የባል ሐዘኔን፣ ከቤት ሳልወጣ ተቀመጥኩ። የሐዘን ልብሴን እንዳታይ የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል አልኳት። «እማ፣ ምነው በደወልኩ ቁጥር ቤት ነሽ?» ትለኛለች፤ ዝናቡ ነው እላለሁ፣ በበጋ ጊዜ! ያንተንም ስልክ አልዘጋሁትም፤ ድምፅ እየቀረጸች ትልክልሃለች፣ ነጂብም «ሮባ አለ ወይ?» ይልሃል። አንተ መጻፍ አትወድም፣ በድምፅ ነበር የምትመልሰው። ድምፅህን ከየት ላምጣ? ያቺን የተቀሰረች አውራ ጣት ምልክት እልክላታለሁ። ባሏ ከሞተባት አራት ወር ያልሞላት ሴትዮ በሟች ስልክ አውራ ጣት ስትልክ አስበኝ። «አባ ጣት ብቻ ሆኖ ቀረ፣ አኮረፈኝ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። እየሳቀች ነው የጠየቀችኝ፣ እኔም ሳቅኩላት፣ ስልኩ ሲዘጋ ፊቴን ትራስ ውስጥ ቀበርኩ። እትዬ አልማዝ ሰምታኝ ገባችና ጀርባዬን ስታሻሽ ቆየች።

ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት በሰላም ተገላገለች። ወንድ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። አራስም መርዶ አትሰማም ተባለ፤ አርባዋን ስትጨርስ ሻርጃ ያሉ የጅማ ሴቶች ጠዋት ቤቷ ሄደው በወጉ እንዲነግሯት ጀማል ተነጋገረ። ሁሉም ነገር ተዘጋጅቷል። ሰባተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ስም የሚወጣበት ሆነ። ስሙን አባ ነው የሚያወጣው፣ እሱን አገናኚኝ አለች። ደዶ ነው፣ ግን ነግሮኛል አልኩ። ከሐጂ ሙክታር ጋር ስሙን ተማክረን ጨርሰናል፤ አንዋር። በቃ አንዋር ማለት ብቻ ነው የቀረኝ።

ዒዳዬን ጨርሻለሁና ካሜራው ተሠርቷል ብያት ነበር። እሷም ልጁን ታቅፋ አስጠጋችልኝ። ከድሬ፣ ግንባሩን ብታየው! ያንተው ግንባር። ቅንድቡን ሰብስቦ፣ ቡናው ያልደረቀ ይመስል ተቆጥቶ ያየኛል። ስሙ ማነው እማ ስትለኝ «ከድር» አልኩ።

ያልኩትን የሰማሁት ከወጣ በኋላ ነው። በእኛ ቤት በሕይወት ያለ ሰው ስም ለልጅ እንደማይሰጥ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ነጂብ ሲወለድ ጀማል ሊያከብርህ ብሎ ከድር እንበለው ቢል «እኔ ሳልሞት ስሜን ልትወርሱ ነው?» ብለህ የቆጣኸው አንተ ነህ፤ ሰሚራም ያኔ አጠገብህ ነበረች። አሁን ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ልጁን ቀስ ብላ አስተኛችው። ከዚያ «መቼ?» አለችኝ። ያቺን ቃል ብቻ። ጥር ላይ አልኳት። ስልኩ ተዘጋ።

አራት ቀን አላናገረችኝም። ጀማል እየደወለ ምግብ አልበላ አለች፣ ጡቷ ወተት እየቀነሰ ነው ይለኛል። የፈራነው ሁሉ መጣ ማለት ነው፣ ያውም እኔው ጎትቼ አመጣሁት። ሐጂ ሙክታር መጥቶ «ኦብሲ፣ ታገሺ፣ ያልፋል» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጮህኩበት። ታላቅህ ነው፣ እርስዎ ከምለው ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ከእንግዲህ እርስዎ ይደውሉላት አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ተጸጽቻለሁ፣ ነገ ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ግን የፈራሁት ምን እንደሆነ ልንገርህ? ባሌን አጥቻለሁ፣ አሁን ልጄንም አጣኋት፣ ዕድሜ ልኳን ስልክ ባነሣሁ ቁጥር ደግሞ ዛሬ ምን ደብቃኝ ይሆን እያለች ልትሰማኝ ነው ብዬ ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ደወለች። ድምፅዋ ተዘግቷል። እንዴት ነሽ አላለችኝም። አንድ ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ፤ «አምስት ወር ሙሉ ስልኩን ስዘጋ አባን ሰላም በይልኝ ስልሽ የት ሄደሽ ነው ሰላም የምትይው?» አለች። እንደ ወቀሳ ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን መልስ ነበረኝ፣ ለማንም ያልተናገርኩት። አልጋችን ላይ ያንተ ጎን፣ ግድግዳው በኩል፣ አንሶላውን ሳልነካው ነው ያለው። በደወለች ቁጥር እዚያ እሄድና ድምፄን አውጥቼ ሰሚራ ሰላም ብላሃለች እልሃለሁ። አንድም ቀን አላጓደልኩም። ይህን ስነግራት አለቀሰች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል።

ያኔ ጣራውንም ነገርኳት። ከአሁን ወዲያ ምን ይቀረኛል ብዬ አንሶላውን፣ የተጣመመ አፍህን፣ እንዳትነግሪያት ማለትህን፣ እሺ ማለቴን ሁሉ ዘረገፍኩት። ነግሬሽ ቢሆን አባትሽ ዛሬ ይኖር ነበር፣ እርገሚኝ አልኳት። ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? «አውቅ ነበር እማ።» ደግፈን ስናስገባህ አይታ ኖሮ፣ ያን ዕለት ማታ ሐናን በጆሮዋ ነግራታለች። አካኮ ጣራ ላይ ወደቀ፣ አኮ፣ ማለት እኔ አያቷ፣ አለቀሰች ብላ። ሰሚራ ነገ አነሣዋለሁ፣ ሐኪም ዘንድ እወስደዋለሁ ስትል፣ በነጋታው አንተ ገበጣህን ዘርግተህ ስትስቅ ታገኝሃለች፣ እኔም ፊቴን አስተካክዬ ቁርስ አቀርባለሁ። እንድታውቅብን ስላልፈለግን፣ እንዳወቀች እንድናውቅ አልፈለገችም። ነገ ነገ ስትል የመሄጃችን ቀን ደረሰ። አውሮፕላን ማረፊያ አንገትህን አቅፋ አልለቅ ያለችህ ለዚያ ነበር፤ አንተ ኮቴን አጨማደድሽው እያልክ ስትቀልድባት። እሷም ይህን አንድ ዓመት ብቻዋን ተሸክማ ኖራለች።

ሁለታችንም አለቀስን ከድሬ። ጮክ ብለን፣ እንደ ለቅሶ ቤት፣ እሷ እዚያ እኔ እዚህ። እትዬ አልማዝ ሮጣ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፣ ነገሩ ሲገባት እሷም አለቀሰች። ያንን ለቅሶ ለሰሚራ ጥር ላይ ነፍገናት ነበር። ጥሩ ነው ያደረግነው ወይስ ክፉ፣ እስካሁን አላውቅም። ልጁ በሰላም ተወልዷል፣ አንተ ግን የለህም፣ ሂሳቡን አላህ ይያዘው። አንድ ነገር ግን ተማምለናል፤ ከእንግዲህ የታመመ በታመመበት ቀን ይነገራል፣ የሞተም በሞተበት ቀን ይነገራል። የሕፃኑም ስም ከድር ሆኖ ጸንቷል። ነጂብ አንተ ገበጣ ትጫወት እንደነበር ለትንሹ እየነገረው ነው አሉ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ለአሥራ ሁለት ቀን ሕፃን። እኔም እነግረዋለሁ። የሰረቅካትን እያንዳንዷን ሽምብራ ሳይቀር እነግረዋለሁ፤ ስምህን ይዞ ባሕሪህን ሳያውቅ አያድግም። እኔ በሕይወት እስካለሁ ማንም አንተን ባልነበርክበት ቦታ አያኖርህም፣ ከነበርክበትም አያወጣህም።

ልንዘጋ ስንል እንባዋን ጠርጋ፣ ልጁ ነቃ፣ ላጥባው አለች። እሺ ልጄ አልኳት። ደህና ዋይ አለችኝ። ከዚያ፣ አፏ ለምዶት ይሁን አስባበት እንጃ፣ «አባን ሰላም በይልኝ» አለች። እሺ አልኳት።

ከድሬ፣ ሰሚራ ሰላም ብላሃለች።